ለቦዮ ጀልባ የተመረጠው ቻርጀር

አቶ ወንዳፈረው ከሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ ለሃያ ሁለት ዓመታት የመኪና ባትሪ ሲሞላ የኖረ ሰው ነበር። አባቱ ከመንዝ መጥተው በአውራጃው ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ያገለገሉ፣ ልጃቸውም እንደ እርሳቸው ብዕር እንዲይዝ የተመኙ ሰው ነበሩ። እርሱ ግን በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሄዶ በአንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ተምሮ ተመለሰ። ሱቁ ጠባብና ሥርዓት የያዘ ነበር። ባትሪዎቹ በግድግዳው ሥር በተርታ ይቀመጣሉ፤ በእያንዳንዱ ጎን የባለቤቱ ስምና የገባበት ቀን ይጻፋል። ባትሪ ሳይሞላ ከዚያ ሱቅ አይወጣም። የአንጋጫ ሹፌር ተሳፋሪው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ እየተነጫነጨ እንኳ ቢለምነው፣ ነገ ጠዋት ከሚል መልስ በቀር አያገኝም። ሹፌሮቹ ሐኪሙ ይሉታል፤ ግማሾቹ ሊያከብሩት፣ ግማሾቹ ሊስቁበት።

ጥንቃቄው ከሙያው ብቻ የመጣ አልነበረም። ታናሽ ወንድሙ በ1970 ዓ.ም. ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። ፍርዱን የሰማ፣ አስከሬኑን ያየ የለም። ከዚያ ወዲህ ወንዳፈረው ከቀበሌ ስብሰባ ቀርቶ አያውቅም። ከመጨረሻው ረድፍ ይቀመጣል፤ ሲጨበጨብ ያጨበጭባል፤ ሲቆም ይቆማል። አስተያየት ለመስጠት እጁን ያወጣበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። ሚስቱ ወይዘሮ ብርነሽ፣ ባሌ ልቡን የሚከፍተው ለባትሪ ብቻ ነው እያለች ለጎረቤት ትናገር ነበር።

በ1976 ዓ.ም. በግንቦት ወር ጓድ ተክለጊዮርጊስ የሚባል ሰው ወደ ሱቁ መጣ። ቀድሞ መምህር የነበረ፣ በኋላም የጮራ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር የሆነ ሰው ነው። ማኅበሩ ከሆሳዕና በስተምሥራቅ፣ ቆላውን ወርዶ በሚገኘው በቦዮ ሐይቅ ዳር የተቋቋመ ነው። በዚያው ዓመት አንዲት የናፍጣ ጀልባ ከውጭ አገር በእርዳታ ተሰጥታዋለች። ጀልባዋ በመብራት ስለምታሰግር የሞተሯ ዲናሞ ለባትሪው አልበቃ አለ፤ መብራቱ የሚበላው ዲናሞው ከሚያስገባው ይበልጣል። ስለዚህ ከጀልባዋ ጋር ተያይዞ የሚኖር ቻርጀር አስፈለገ። ጀልባዋ ዳር ስትደርስ ከዓሣ ማቀዝቀዣው ጄኔሬተር በተዘረጋ ገመድ ቻርጀሩ እንዲሠራ ታሰበ። ተክለጊዮርጊስ ሥራው እንዲያልቅ የሚፈልግበትን ቀንም ተናገረ፤ መስከረም ሁለት፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት። በዚያ ቀን ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች በጀልባዋ ሐይቁን ይጎበኛሉ።

ሁለቱ አብረው አዲስ አበባ ሄደው አንድ የዕቃ መደብር ገቡ። ሻጩ ሁለት ቻርጀሮች በጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንደኛው የቤት ሬዲዮ የሚያህል፣ ዙሪያውን የታሸገ፣ እርጥበት የማያስገባ፣ አሥር አምፔር የሚሰጥና ባትሪው ሲሞላ ራሱን የሚያቆም ነው። ሁለተኛው ለጋራዥ የተሠራ ነው። ቁመቱ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ግንባሩ ላይ ሳህን የሚያህል መለኪያ አለው፤ ሠላሳ አምፔር ይገፋል፤ ሰው ካላጠፋው በስተቀር አያቆምም።

ወንዳፈረው ትንሹን አነሣና ክብደቱን በእጁ መዘነ።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይኸኛው ይሻላል። ያለን ባትሪ አንድ ነው። ትልቁ ያፈላዋል።"

"ትንሹ በስንት ሰዓት ይሞላዋል?"

"አሥር ሰዓት ያህል ይፈጅበታል።"

"ትልቁስ?"

"ሦስት፣ ቢበዛ አራት። ግን ሰው ሰዓት ይዞ አጠገቡ መቆም አለበት። ከቆየ የባትሪው ውሃ ተንኖ ያልቃል።"

"የሚቆም ሰው ሞልቶናል" አለ ተክለጊዮርጊስ። "ለአሥረኛው ዓመት በዓል አሻንጉሊት ታቅፌ ልግባ? እንግዳ ሲመጣ ምን ልበለው፣ የኛ ማኅበር አቅሙ ይህችን ታህል ናት?"

ሻጩ ሳቀ። ወንዳፈረው ትንሹን ቻርጀር ወደ ቦታው መለሰ። ሁለተኛ አልተናገረም፤ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መናገር ከተወ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር።

በሐምሌ ወር ትልቁን ቻርጀር በጀልባዋ ወለል ላይ በአራት ብሎን አሠረው። እርጥበት እንዳይነካው የላስቲክ ሽፋን ሠራለት፤ ከባትሪው ጋር የሚያገናኙትን ካቦዎች በአጭሩ ቆርጦ በጥብቅ አሠራቸው። ያን ጊዜ ነው ከጀልባዋ ጠባቂ ከባፈና ጋር የተዋወቀው። ባፈና ስድሳ ዓመት ያለፈው የሐዲያ ሰው ነው። የብዙ ከብት ባለቤት ነበር፤ ገንዲ የሚሉት የከብት በሽታ ገብቶ በአንድ ክረምት ፈጀበትና ማኅበሩ ጠባቂ አድርጎ ቀጠረው። የሚጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ከታሸገ ዓመታት አልፈዋል፤ በየማለዳው ጀልባዋን በጨርቅ እየወለወለ መዝሙሩን በጉሮሮው ብቻ ያንጎራጉራል። አማርኛው አጭር ነው፤ የሚያስፈልገውን ግን ይናገርበታል።

ወንዳፈረው የቻርጀሩን ሥርዓት አስተማረው። ከተሰካ አራት ሰዓት ሲሞላው ገመዱን ንቀል። ክዳኖቹን ከፍተህ ወደ ውስጥ ተመልከት። ውሃው በውስጡ የተደረደሩትን የእርሳስ ፕሌቶች አንድ ጣት ያህል መሸፈን አለበት፤ ከጎደለ ከእነዚህ ጠርሙሶች ጨምር፣ ከሐይቁ ግን ጠብታ እንዳይገባ። አራት ጠርሙስ የባትሪ ውሃ ከፊቱ ደረደረለት። ሽማግሌው ፊቱን ቋጥሮ ሲያዳምጥ አይቶም ነገሩን እርሱ በሚያውቀው መንገድ ሊያቀርብለት ፈለገ።

"ጋሼ ባፈና፣ ይህ እንደ ላም ነው። በሰዓቱ ይበላል፣ በሰዓቱ ይጠጣል። ከጠማው ይሞትብሃል።"

የባፈና ፊት ወዲያው ተፈታ። "ላም ከሆነ አውቃለሁ" አለ። "ወተትስ አላት?"

"ወተቷ መብራት ነው።"

"ታዲያ እናንተ ከተሜዎች ምን ስትጠጡ ነው የምትወፍሩት?"

አስጋሪዎቹ ሳቁ፤ ወንዳፈረውም ከብዙ ጊዜ በኋላ ጥርሱ ታየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባፈና ባትሪውን እርሷ እያለ መጥራት ያዘ። ወንዳፈረው ሁለት ጊዜ ሄዶ ባትሪውን መረመረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጤነኛ ሆኖ አገኘው።

መስከረም ሁለት ቀን በሐይቁ ዳር ድንኳን ተተከለ። ባንዲራና ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ፤ ከየገበሬ ማኅበሩ የተሰበሰበው ሕዝብ ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆመ። ወንዳፈረው በደብዳቤ ተጠርቶ በቦታው ነበር። እንግዶቹ ከሰዓታት መዘግየት በኋላ ደረሱ። ተክለጊዮርጊስ ረጅም ንግግር አደረገ፤ እንግዶቹን በጀልባዋ ላይ አሳፈረ፤ ሞተረኛው ቁልፉን አዞረ። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ አንድ ጊዜ ቀጭ አለና ዝም አለ። ሞተረኛው ደግሞ አዞረ። አሁን ቀጭታውም አልተሰማም። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ጀልባዋም ስብሰባ በዝቶባት ይሆናል ብሎ ቀለደ፤ ሌሎቹ ፈገግ አሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ወርደው ወደ መኪኖቻቸው ሄዱ። ተክለጊዮርጊስ የመጨረሻው መኪና ከዓይን እስኪጠፋ እጁን ሲያውለበልብ ቆየ። ከዚያ ወደ ወንዳፈረው መጣ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር።

"ይህ አሻጥር ነው። ማን እንደ ሠራው እስከ ነገ ቀትር ጽፈህ ታቀርባለህ። ካላቀረብክ የሠራኸው አንተ ነህ። የወንድምህ ፋይል እኮ ገና አልተዘጋም።"

ወንዳፈረው በተማረው ቅደም ተከተል ፍተሻውን ጀመረ። ካቦዎቹ ጥብቅ ናቸው፤ ዝገት የለባቸውም። ከማኅበሩ የጭነት መኪና ባትሪ አውርዶ በጀልባዋ ላይ ቢያስር ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ሞተሪኖው ደኅና ነው ማለት ነው፤ ችግሩ ከባትሪው ነው። ቀጥሎ የባትሪውን ክዳኖች ከፈተ። ስድስቱም ክፍሎች ሙሉ ናቸው፤ ፈሳሹ እርሱ እንዳዘዘው ፕሌቶቹን አንድ ጣት ሸፍኗል። በአፎቹ ዙሪያ ግን ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ ነጭ ቅርፊት ይዟል። የአሲዱን ጥንካሬ የሚለካበትን የመስታወት ቱቦ አስገብቶ ሳበ። በቱቦው ውስጥ መንሳፈፍ የነበረባት መለኪያ ከሥሩ ተቀመጠች። በስድስቱም እንዲሁ ሆነ። አሲዱ የለም። ጣቱን ነክሮ አሻሸው፤ አላቃጠለውም፤ ይልቁንም አሟለጨው። ከጣቱ ጫፍ ትንሽ ወደ ምላሱ ወስዶ ቀመሰ። በዚያ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው የሚስተው ጣዕም አልነበረም። ቦሌ ነው፤ ከብት ከሳ ሲል በውሃ በጥብጠው የሚያጠጡት ነጩ አፈር።

ባፈና አጠገቡ ቆሞ ነበር። ሲጠየቅ ምንም አልሸሸገም፤ የሚሸሸግ ነገር መኖሩንም አላወቀም። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ቻርጀሩ እንዳይነቀል ሊቀ መንበሩ ማዘዙን ተናገረ። ለበዓሉ ጥግብ ትበል ተብሎ፣ ጄኔሬተሩ ቀንም ሌትም ሳይጠፋ፣ መለኪያው ሠላሳ ላይ እንደ ቆመ ሰነበተ። እርሷም ፈላች፤ የሚሸት ትንፋሽ አወጣች፤ ውሃዋ በየቀኑ ጎደለ። አራቱ ጠርሙስ በአሥር ቀን አለቀ። ባፈና በእግሩ ሆሳዕና ድረስ ሄዶ የማኅበሩን ቢሮ ውሃ ጠየቀ። ከበዓሉ በኋላ ይታያል ተብሎ ተመለሰ። ወንዳፈረውንም ሊጠይቅ ወደ ሱቁ ጎራ ብሎ ነበር፤ ሱቁ ተዘግቶ አገኘው። በዚያ ቀን ወንዳፈረው ስብሰባ ላይ ነበር።

"ተጠማች" አለ ባፈና። "ከሐይቁ አትስጥ ብለሃል፤ አልሰጠሁም። የምንጭ ውሃ ቀዳሁ። ከስታ ስለነበር ቦሌ በጠበጥኩላት። በነጠላዬ አጠለልኩት፣ አፈር እንዳይገባባት። ሳጠጣት አረፋ ደፈቀች። ወደደችው ብዬ ደስ አለኝ።"

ወንዳፈረው የምን አረፋ እንደ ነበረ ያውቃል። ቦሌ አሲዱን ሲገድለው የሚወጣ አረፋ ነው። ለሽማግሌው አልነገረውም። ክዳኖቹን አንድ በአንድ መልሶ ገጠመና ወደ ከተማ ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሪፖርቱን ጻፈ። የአባቱን የእጅ ጽሕፈት ወርሷል፤ መስመሩ አይዛነፍም። በመጀመሪያ የተመረጠው ቻርጀር ለባትሪው ከሚገባው በላይ ኃይል እንዳለው ጻፈ። ቀጥሎ ያለ ማቋረጥ እንዲሠራ መታዘዙን፣ በዚህም ምክንያት የባትሪው ውሃ ተንኖ ማለቁን፣ ጠባቂው ውሃ ጠይቆ አለማግኘቱን ጻፈ። በመጨረሻም ጠባቂው ባለማወቅ የቦሌ ውሃ መጨመሩን፣ ባትሪው በዚህ መሞቱን ጻፈ። ነገሩን በላም መስሎ ያስተማረው እርሱ ራሱ መሆኑን ግን አልጻፈም። ብርነሽ ከትከሻው በላይ ሆና አነበበችውና፣ ይህንን ይዘህ ልትሄድ ነው ብላ ጠየቀችው። እሄዳለሁ አላት።

ተክለጊዮርጊስ ወረቀቱን ቆሞ አነበበ። ከዚያ ተቀመጠ፤ ቀይ እስክሪብቶ አወጣ፤ እንደ መምህርነቱ ዘመን ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር ሰረዘ። በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጠባቂው ከሚለው ቃል ሲደርስ እጁን አቆመ።

"እውነቱ ከዚህ ይጀምራል።"

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ውሃው ባይፈላ ኖሮ ሰውየው—"

"ቻርጀሩን የመረጠው ማን ነው?"

ወንዳፈረው ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ።

"ባለሙያ ይዤ ነው የሄድኩት። ባለሙያው አንተ ነህ። ቻርጀሩ ነው ጥፋተኛው ካልክ፣ ፊርማህን እዚህ ላይ አድርግና እስረኛ በሚወጣበት በር ውጣ።" ወረቀቱን ወደ እርሱ ገፋው። "ሰውየው ጴንጤ ነው አይደል?"

"አላውቅም።"

"ታውቃለህ። ባለማወቅ የሚለውንም አውጣው። ልቡን አንተ ከፍተህ አላየኸውም።"

ወንዳፈረው በቢሮው ጠረጴዛ ላይ እንደገና ጻፈ። ሦስት መስመር ሆነ። የጀልባዋ ጠባቂ ባፈና በባትሪው ውስጥ የቦሌ ውሃ ጨምሯል። ባትሪው የሞተው በዚህ ነው። ይህንንም ጠባቂው ራሱ አምኗል። በሦስቱ መስመሮች ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረም። ፈረመ፤ ቀኑን ጻፈ፤ ማኅተም ተደረገበት። ሰዓቱ ገና ቀትር አልሆነም ነበር።

ባፈናን የያዙት ጀልባዋን ሲወለውል ነው። ጨርቁን አጥቤ ላስቀምጥ ብሎ ለመናቸው፤ አልፈቀዱለትም። ክሱ በመንግሥት ንብረት ላይ ሆን ብሎ ጉዳት ማድረስ የሚል ነበር። ገራፊዎቹ ግን ስለ ባትሪው ብዙ አልጠየቁትም። የፈለጉት ያዘዘውን ሰው ስም ነው። ያዘዘው ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ግርፋቱ ረዘመ። በመካከሉ አንድ ቀን ስም ጥራ ሲሉት፣ ከብቶቹን የፈጀው ገንዲ ከጠላት ወገን እንደ ሆነ ጠይቆ አሳቃቸው፤ ከሳቁ በኋላም ቀጠሉ። ውስጥ እግሩ ቆሰለ፤ ቁስሉ መገለ። በሐኪም ቤት የግራ እግሩን ጣቶች በሙሉ ቆረጡለት። ዘጠኝ ወር ታስሮ፣ የሚናገረው ነገር እንደሌለው ከታመነበት በኋላ ያለ ፍርድ ተለቀቀ።

በእነዚህ ወራት ለጀልባዋ አዲስ ባትሪ ተገዛላት። ቻርጀሩ ያው ነበር። ወንዳፈረው በየሳምንቱ እየሄደ በአራተኛው ሰዓት ራሱ እንዲነቅለው ታዘዘ፤ የባትሪ ውሃም በካርቶን ተሰጠው። ሥራው ተመስግኖ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ምስክር ወረቀት ተሸለመ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ብርነሽ ወረቀቱን ከሳጥን ሥር አስገባችው እንጂ አልሰቀለችውም። ስለ ባፈናም ባልና ሚስቱ በመካከላቸው አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

በ1977 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ባፈና በምርኩዝ ተደግፎ ወደ ሱቁ መጣ። አንድ የጎሳው ሽማግሌ አብሮት ነበር። በሱቁ ውስጥ ባትሪ የሚጠብቁ ሦስት ሹፌሮች ተቀምጠዋል፤ በበሩ ላይ ደግሞ የቀበሌው ጥበቃ ጓድ ወንበር ይዞ ሲጋራ ያጨሳል። ወንዳፈረው ሲያያቸው ከመቀመጫው ተነሣ። ስለ ፈረመው ወረቀት የመጡ፣ የመጨረሻው ቀኑም የደረሰ መሰለው።

የተናገረው ሽማግሌው ነው። በአገራችን ወግ ይህ ሰው በደለኛ ነው አለ። አደራ ተቀብሎ አጥፍቷል፤ በእርሱም ጥፋት ባለሙያው ሊታሰር እንደ ነበር እስር ቤት ሳለ ሰምቷል። ከእስር ሲወጣ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት የበደለውን ሰው ይቅርታ መለመን አለበት፤ የተበደለውም ሰው በሰው ፊት፣ በአፉ፣ ይቅር ማለት አለበት። ስለዚህ ባፈና ከተለቀቀ ሦስተኛ ቀኑ ቢሆንም ቤቱ አልገባም፤ በዘመድ ደጅ እያደረ እዚህ ደርሷል።

ባፈና ምርኩዙን ለሽማግሌው ሰጠና ሁለት እጆቹን አንድ ላይ አደረገ።

"ጠብቃት ብለህ ሰጠኸኝ። ገደልኳት። በእኔ ምክንያት አንተን ሊያስሩህ ነበር። ማረኝ።"

ሹፌሮቹ ጨዋታቸውን አቆሙ። የጥበቃው ጓድ ሲጋራውን ከአፉ አውጥቶ አንገቱን ወደ ውስጥ አሰገገ። ወንዳፈረው የባፈናን እጆች አየ፤ በጨርቅ ወደ ተጠቀለለው እግር ዓይኑን ዝቅ አደረገ፤ ወዲያው አነሣው። የተሰረዙት መስመሮች ቃል በቃል ይታወሱት ነበር። ለመናገር ሁለት እስትንፋስ ይበቃው ነበር። በበሩ በኩል የተቀመጠውን ሰው አየ።

"ይቅር ብዬሃለሁ፣ ጋሼ ባፈና" አለ።

ባፈና ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል ጣት አልባ እግሩ አልያዘለትምና በግንባሩ ወደቀ። ሁለት ሹፌሮች ብድግ ብለው አነሡት። ከሹፌሮቹ አንዱ፣ ሐኪሙ እንዲህ ልበ ሰፊ ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር አለ። ባፈና ግንባሩን አብሶ፣ ምርኩዙን ተቀብሎ፣ ሊሄድ ከተዘጋጀ በኋላ ቆመ። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበረው።

"ውሃው ሲያልቅብኝ ምን ማድረግ ነበረብኝ?"

"መጠበቅ ነበረብህ" አለ ወንዳፈረው።

ባፈና ራሱን ነቀነቀ። "ልክ ነው። መጠበቅ ነበረብኝ።" ከዚያም እጁን ዘርግቶ ባለሙያውን በሐዲያ ቋንቋ መረቀው፤ ሽማግሌውም ምርቃቱን ተቀብሎ አጸና። ተደጋግፈው ወጡ። ያን ማታ ባፈና ከዘጠኝ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በቤቱ አደረ።